ሱቃችንን ለአካል ጉዳተኛ ደንበኞች እንዴት እናመቻች? ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያና የኮፒ ቤት አለኝ። ባለፈው ዓመት በሩ ላይ ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፈንታ የሚወጣበት ተዳፋት መግቢያ፣ አሠራሁ። ያሠራሁት በአባቴ ምክንያት ነው። በስኳር ሕመም አንድ እግራቸው ከተቆረጠ ወዲህ በዊልቼር ነው የሚንቀሳቀሱት። ከዚያ ወዲህ ያገኘኝ ነጋዴ ሁሉ ስለ ራምፑ ይጠይቀኛል። ካፌ ያለው፣ ፋርማሲ ያለው፣ ፀጉር ቤት ያላት፣ ሁሉም ጥያቄ አለው። አንድ በአንድ ስመልስ ከርሜ፣ በአንድ ቦታ ልጻፈው አልኩ።

አካል ጉዳተኛ ደንበኛ የለኝም። ለማን ብዬ ነው የምሠራው?

እኔም እንደዚህ ነበር የማስበው። ሱቄን ከከፈትኩ ጀምሮ አንድም ሰው በዊልቼር መጥቶ አያውቅም ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። በሩ ላይ ሁለት ደረጃ አለ፤ ማን ይመጣል? የሚፈልጉትን ልጅ ልከው ያስገዛሉ፤ ወይም ደረጃ የሌለው ሱቅ ፈልገው ይሄዳሉ። ራምፑ በተሠራ በመጀመሪያው ወር አራት አዲስ ደንበኛ አገኘሁ። ሁለቱ ለካ እዚያው ሰፈር ለዓመታት የኖሩ ናቸው።

ጉዳዩ ደግሞ የዊልቼር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 ሰው አንዱ ከባድ የሚባል የአካል ጉዳት እንዳለበት ይገልጻል። በክራንች የሚሄድ አለ፣ የማያይ አለ፣ የማይሰማ አለ። ምርኩዝ የያዙ እናቶቻችንና አባቶቻችን አሉ። እርጉዝ ሴት አለች። ልጅ ያዘለችም አለች። ሐሙስ ሐሙስ ሸቀጥ ተሸክሞ የሚመጣው ወዛደር እንኳን ዛሬ በደረጃው አይወጣም፤ በራምፑ ነው የሚገባው።

ሕጉ ያስገድደኛል?

አዎ፤ በተለይ ሕንፃው ሕዝብ የሚገለገልበት ከሆነ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ላይ ጉዳዩን በቀጥታ አንስቶ ነበር። የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቼር ለሚንቀሳቀሱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። መጸዳጃ ቤት ያስፈልገዋል የሚባል ሕንፃ ደግሞ ለእነሱ የሚሆን በቂ መጸዳጃ እንዲኖረው አዝዞ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት ነው። መንገድን፣ ሕንፃን፣ ትራንስፖርትን፣ መረጃን፣ ሁሉንም ይነካል።

አዲስ የሚገነባ ሰው በፕላኑ ላይ ያስገባው። ሲገነባ መሥራት ርካሽ ነው፤ ከተገነባ በኋላ ማፍረስ ነው ወጪው። የድሮ ቤት ውስጥ ላለን ደግሞ ደረጃ በደረጃ ይሠራል።

ራምፕ ምን ያደርጋል? ሲመጡ ተሸክመን እናስገባቸዋለን።

ይሄ ጥያቄ በብዛት የሚመጣው ከደግ ሰዎች ነው። ስለዚህ በደንብ ልመልሰው።

አንድ ቀን አባቴን ይዤ የሆነ ቢሮ ሄድን። አምስት ደረጃ ነበረው። ጥበቃው አየንና ሦስት ጎረምሳ ጠራ። «አይዟችሁ፣ ችግር የለም» አሉና ዊልቼሩን ከነአባቴ ብድግ አደረጉት። አንዱ በእጀታው፣ አንዱ በጎማው፣ ሦስተኛው በእግር መርገጫው ያዙ። የእግር መርገጫው ተነቃይ ነው፤ በክብደት አይያዝም። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ወለቀ። አባቴ ወደ ፊት ተንሸራተቱ። አንደኛው ልጅ በደረቱ ገጭቶ ያዛቸው እንጂ በፊታቸው ነበር የሚወድቁት። ሰው ሁሉ «እግዜር አተረፋቸው፣ አላህ አተረፋቸው» አለ። አባቴ ምንም አላሉም። ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ጉዳያቸውን ጨረሱ፣ ወጣን። ለመውረድም ያው ሸክም ነው።

ባጃጅ ውስጥ ከገባን በኋላ «ሁለተኛ እዚያ ቤት አልሄድም» አሉኝ። መውደቁ አይደለም ያስከፋቸው። ጎረቤት፣ የድሮ የሥራ ባልደረባ፣ ተማሪ፣ ሁሉም ቆሞ ያይ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን በራሳቸው እግር ሄደው ጉዳያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። እንደ ጆንያ ተነስተው ሲገቡ ምን እንደሚሰማቸው አስቡት።

ሸክም አደጋ አለው፤ ለተሸካሚውም ወገብ ጭምር። ከሁሉም በላይ ግን ደንበኛው የሚፈልገው በራሱ ጊዜ መጥቶ፣ በራሱ ገብቶ፣ ገዝቶ መውጣት ነው። ልክ እንደ እናንተ።

ራምፕ እስኪሠራ ድረስ መርዳት የግድ ከሆነ መጀመሪያ ጠይቁ። «እንዴት ብንይዝዎት ይሻላል?» በሉ። ዊልቼሩን ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።

ራምፑን እንዴት ነው የማሠራው? ግንበኛው «ለእኔ ተወው» ይላል።

አትተዉለት። እኔ ትቼለት የሆነውን ልንገራችሁ።

የሱቄ በር ላይ ሁለት ደረጃ አለ፤ እያንዳንዱ 15 ሴንቲ ሜትር፣ በድምሩ 30። ግንበኛው ቦታ ለመቆጠብ ብሎ 1 ሜትር ከ20 ርዝመት ያለው ራምፕ ሠራ። ላዩን በሚያምር የሚያንጸባርቅ ሴራሚክ አለበሰው። ሰው ሁሉ «ያምራል» አለ። አባቴን ለምረቃ አመጣኋቸው። እንደ ግድግዳ ነው የቆመባቸው። ጎማውን በእጃቸው ሲገፉ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነሱ። ከኋላ ባልይዛቸው ወደ ኋላ ይገለበጡ ነበር። ሳምንት ሳይሞላው ዝናብ መጣ። ዊልቼር የሌላት ተማሪ ሴራሚኩ ላይ ተንሸራትታ ወደቀች። ጥፋቱ የግንበኛው ብቻ አይደለም። ሳልጠይቅ፣ ሳልለካ ያሠራሁት እኔ ነኝ። አፈረስኩት።

ሁለተኛው ጊዜ በሜትር ለክተን ሠራን። ሒሳቡ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ከፍታ 12 ሴንቲ ርዝመት ያስፈልጋል። አንድ ደረጃ 15 ሴንቲ ከሆነ ራምፑ 1 ሜትር ከ80 ይሆናል። ለእኔ 30 ሴንቲ 3 ሜትር ከ60 ሆነ። «ይሄን ያህል ቦታ ከየት ይመጣል?» አትበሉ። ወደ መንገዱ ቀጥ ብሎ መውጣት የለበትም። የእኔ ግድግዳውን ተከትሎ ወደ ጎን ነው የሚወርደው። የእግረኛውን መንገድም አልዘጋም። እናንተም የሰው መተላለፊያ የሚነካ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ቀበሌውን ወይም ማዘጋጃ ቤቱን አነጋግሩ።

ስፋቱ ከ90 ሴንቲ ማነስ የለበትም። የእኔ 1 ሜትር ከ20 ነው፤ ሰው በጎን እየሄደ ማገዝ ይችላል። ላይኛው ጫፍ ላይ በሩ ፊት ዊልቼሩ ተረጋግቶ የሚቆምበትና የሚዞርበት ደልዳላ ቦታ ያስፈልጋል። ወደ 1 ሜትር ተኩል በ1 ሜትር ተኩል ቢሆን ጥሩ ነው። ያለበለዚያ ሰውየው በአንድ እጁ በር እየከፈተ በሌላው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ሊታገል ነው። በጎኑ ጎማ እንዳይወጣ ትንሽ ጠርዝ፣ ከዚያ ላይ በ90 ሴንቲ ገደማ ከፍታ የብረት መደገፊያ አድርጉበት። መደገፊያውን በክራንች የሚሄዱና አዛውንቶች ናቸው በብዛት የሚይዙት።

ላዩ ሸካራ ይሁን። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም መሬቱ አይደርቅም። የእኛ ግንበኛ ሊሾው ሳይደርቅ በመጥረጊያ አግድም ጎተት አደረገበት። በቃ። ሴራሚክ የለም፣ ቀለም የለም፣ ማንም አይንሸራተትም።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ ቱቦው። ብዙዎቻችን ሱቅ ፊት ክፍት የውሃ ቦይ አለ። በላዩ የምንጥለው ለስላሳ ላሜራ ሲረጥብ በረዶ ነው የሚሆነው። የብረት ፍርግርግ ከሆነ ደግሞ ክፍተቱ ጠባብ ይሁን፤ ጣት የሚያስገባ ከሆነ የዊልቼር የፊት ጎማና የክራንች ጫፍም ይገባበታል። ረጃጅሞቹ ብረቶች ከአካሄዱ ጋር አብረው ሳይሆን አቋርጠውት ይተኙ።

ቤቱ የኪራይ ነው፤ አከራዬ አይፈቅድም። ገንዘብም የለኝም።

አንድ ደረጃ ብቻ ካለ ተነቃይ ራምፕ አሠሩ። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ቁመቱን ንገሯቸው። ፊቱ ሸካራ የሆነ ላሜራ፣ በጎኑ ጠርዝ፣ መያዣ ያለው ይሁን። ሲያስፈልግ ይዘረጋል፣ ማታ ሱቅ ውስጥ ይገባል። ከታች ደግሞ እጅ በሚደርስበት ቦታ ደወል አድርጉ። ሰው ውጭ ቆሞ «እዚህ ቤት!» እያለ እንዳይጮህ።

አከራይንም አነጋግሩ። የእኔ አከራይ መጀመሪያ «ግቢዬን አታበላሽ» ብለውኝ ነበር። በኋላ የእሳቸው እናት ናቸው መጀመሪያ የወጡበት።

ምንም ብር የማይጠይቅም አለ። መተላለፊያ ላይ የተደረደረውን የለስላሳ ሳጥን አንሱ። መግቢያው ላይ የዘረጋችሁትን ሸቀጥ ሰብስቡ። ስልክ ቁጥራችሁን ከውጭ በትልቁ ለጥፉ፤ መግባት ያልቻለ ይደውላል፣ እናንተ ትወጣላችሁ። የጊዜያዊ ነው፤ ግን ከዛሬ ይጀመራል።

ውስጡስ? በር፣ ባንኮኒ፣ ወንበር?

በሩ ሲከፈት ቢያንስ 80 ሴንቲ ክፍት ይኑረው፤ 90 ቢሆን ይመረጣል። ሁለት ተከፋች በር ያለው ሰው አንዱን ቆልፎ በአንዱ ብቻ ያስገባል። ሁለቱንም ክፈቱት። ደፉን ዝቅ አድርጉት ወይም በሁለቱም በኩል ተዳፋት ስጡት። ሁለት ሦስት ሴንቲ ደፍ ለእኛ ምንም አይደለም፤ ለትንሿ የፊት ጎማ ግን ግንብ ነው።

ባንኮኒው ደረት የሚደርስ ከሆነ በዊልቼር ያለ ሰው ከኋላው አይታይም። ከፊሉን ወደ 75 ሴንቲ ዝቅ ማድረግ ነው። ካልሆነ ወጥታችሁ አስተናግዱት።

ቡና ቤት ያላችሁ፣ የጅማ በርጩማ ኩራታችን ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሦስት እግር የቆመ፣ የሚያምር ነው። ግን ዝቅ ያለ ነው። ጉልበቱ የሚያመው ሰው ከተቀመጠ አይነሳም። በክራንች የሚሄድ ሰው መቀመጥም አይችልም። በርጩማውን አታንሱ። ከጎኑ መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ያላቸው ሁለት ሦስት ወንበሮች ጨምሩ። አንድ ጠረጴዛ ደግሞ ወንበሩ ተነሥቶ ዊልቼር ከሥሩ የሚገባበት ይሁን።

ሽንት ቤቱም መስተካከል አለበት?

አባቴ ከቤት ለመውጣት ካሰቡ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አይጠጡም ነበር። ስኳር ያለባቸው ሰው ናቸው፤ መጠጣት አለባቸው። ግን የሚገቡበት ሽንት ቤት የለም።

ስለዚህ አዎ። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን፤ ውስጥ ዊልቼር የሚዞርበት 1 ሜትር ተኩል ያህል ቦታ፣ የሚቀመጡበት መቀመጫ፣ ግድግዳው ላይ በደንብ የተተከለ የብረት መያዣ ይኑር። በስስ ቪስ ብቻ የተያዘ መያዣ ከሌለ ይሻላል፤ ሰው ሙሉ ክብደቱን ነው የሚጥልበት። ከተሠራ በኋላ ደግሞ የመወልወያና የባልዲ ማስቀመጫ አታድርጉት።

ዓይነ ሥውር ደንበኛ ሲመጣ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ፣ ለልመና እንደመጣ አታስቡ። ይሄን የምለው ያየሁት ስለሆነ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነጭ በትሩን ይዞ፣ ቦርሳውን አዝሎ አንድ ሱቅ በር ላይ ቆመ። ገና አፉን ሳይከፍት ባለሱቁ «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ» አለው። ልጁ ዝም ብሎ ትንሽ ቆመ። ከዚያ «እስክሪብቶ ፈልጌ ነበር» አለ። ባለሱቁ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ያቺን ዝምታ እስካሁን አልረሳኋትም።

እና እንደማንኛውም ደንበኛ ሰላም በሉት። ማን እንደሆናችሁ ተናገሩ። እርዳታ ከፈለገ ክንዳችሁን ስጡት፤ እሱ ይይዛችኋል፣ እናንተ አትጎትቱትም። በትሩን ፈጽሞ አትያዙበት፤ ዓይኑን እንደመያዝ ነው። «እዚያ ጋ አለ» አይጠቅመውም። «በቀኝ እጅህ በኩል፣ ሁለት እርምጃ» በሉት። ጥላችሁት ስትሄዱም «ሄድኩ» በሉ፤ ለባዶ ወንበር ሲያወራ እንዳይገኝ።

ሜኑ ካላችሁ ከነዋጋው አንብቡለት። መልስ ስትሰጡ እያንዳንዱን ብር እየጠራችሁ በእጁ ስጡት፤ «ይሄ መቶ፣ ይሄ ሃምሳ፣ ይሄ አሥር»። በቴሌብር ከከፈለ የሚስጥር ቁጥሩን እንዲነግራችሁ አትጠይቁ። ስልኩ ጽሑፍ እያነበበ የሚናገር ከሆነ ራሱ ይከፍላል፤ ትንሽ ጊዜ ስጡት።

እንደ እኔ ኮፒ ቤት ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ወረቀት ኮፒ ቢደረግላቸው ምን ያደርግላቸዋል? የሚፈልጉት ሶፍት ኮፒ ነው። መምህሩ የላከው ፋይል እኛ ኮምፒውተር ላይ ካለ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም እንልክላቸዋለን፤ ስልካቸው ወይም ኮምፒውተራቸው ያነብላቸዋል። የተነሣ ፎቶ ብቻ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ በደንብ አያነብላቸውም፤ ጽሑፉ እንደ ጽሑፍ ቢተየብ ይሻላል። ዛሬ ይሄ ለሱቄ አንድ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል።

መስማት ከተሳነው ሰው ጋርስ?

አትጩኹ። ፊት ለፊቱ ቁሙ፣ ብርሃን ፊታችሁ ላይ ይሁን፣ አፋችሁን አትሸፍኑ። ዋጋውን በካልኩሌተር አሳዩት። ስልክ ላይ ጻፉለት፤ በጽሑፍ ካልተግባባችሁ ዕቃውን ወይም ፎቶውን ጠቁሙ። አምስት ስድስት የምልክት ቋንቋ ቃል ተማሩ፤ ሰላምታ፣ ስንት፣ አመሰግናለሁ። ከደንበኛው ከራሱ ተማሩ። የመጀመሪያ ቀን እጄ አልታዘዝ ብሎኝ «አመሰግናለሁ» ስለው ፊቱ እንዴት እንደበራ አልነግራችሁም።

ሠራተኞቼ ምን ማወቅ አለባቸው?

አንዲት ነገር። ካፌ ስንገባ አስተናጋጇ አባቴን አልፋ እኔን ታየኛለች። «ምን ይጠጣሉ?» ትላለች፤ ስለ እሳቸው፣ ለእኔ። እግራቸው ነው የተቆረጠው። ጆሯቸውም ምላሳቸውም አለ። ሰውየውን ራሱን ጠይቁት። ቁጭ ብሎ ከሆነ እናንተም ጎንበስ በሉ።

ስትጠሩት በስሙ ወይም እንደማንኛውም ሰው «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «ወንድሜ» በሉ። በጉዳቱ አትጥሩት። ስለ ጉዳዩ ማውራት ካስፈለገ አካል ጉዳተኛ፣ ዓይነ ሥውር፣ መስማት የተሳነው የሚሉት ይበቃሉ። «ምስኪን» እያሉ ከንፈር መምጠጥም ይቅር።

ዋጋ ልቀንስላቸው? በነፃ ልስጣቸው?

አይ። አስከፍሏቸው። አባቴ አንዴ ሻይ ጠጥተው ባለቤቱ «ይተውት አባባ» ሲላቸው «የእኔ ብር አይሠራም?» ብለው አስቀምጠው ወጡ። ሌላውን ደንበኛ የምትጋብዙ ከሆነ እሳቸውንም ጋብዙ።

ባጃጅ ነው የምነዳው። እኔንም ይመለከተኛል?

እንዴታ! ሱቁ ቢስተካከል የሚያደርሰው ባጃጅ ነው። ዊልቼሩ የሚታጠፍ ከሆነ ከኋላ ወይም ከጎን ይገባል፤ አስተጣጠፉን ባለቤቱ ያሳያችኋል። ለዊልቼሩ ተብሎ የሁለት ሰው ሒሳብ መጠየቅ ይቅር፤ እግሩ ነው፣ ዕቃው አይደለም። ራምፕ ያለበት ጋ አቁሙ፣ ጭቃው ውስጥ አታውርዱት። ካወረዳችሁት በኋላ ግን ራምፑ አፍ ላይ አትቁሙ።

ራምፑ ተሠራ። ጨረስኩ ማለት ነው?

ገና ነው። የእኔ ላይ ጠዋት ሞተር ሳይክል ይቆምበታል። ማታ ልጆች ተደርድረው ይቀመጡበታል። በየቀኑ «እባካችሁ» እላለሁ። ጠዋት ሱቅ ስከፍት መጀመሪያ የማደርገው ራምፑን መጥረግ ነው፤ የክረምት ጭቃ ሲደርቅበት እንደገና ያንሸራትታል።

ሌላው፣ እኛ ያሰብነው ልክ ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ሲሚንቶ ከመቦካቱ በፊት በዊልቼር የሚንቀሳቀስ ሰው ጥሩና ቦታውን አሳዩት። በክራንች የሚሄድም፣ የማያይም ጥሩ። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትን ጠይቁ። አንድ ሳንቃ ዘርግታችሁ በዚያ ዳገት እንዲሞክሩት አድርጉ። እኔ ይሄን ባደርግ ኖሮ ሁለት ጊዜ አልገነባም ነበር።

የእኔን መለካት የሚፈልግ ይምጣ። ሜትሩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ከመጣችሁ አባቴም አሉ፤ የት ጋ እንደሚከብዳቸው እሳቸው ራሳቸው ወጥተው ያሳዩዋችኋል።